መብራት ሲጠፋ ውሃው የሚመለስ ጉድጓድ፦ ስለ ደሴ የከርሰ ምድር ውሃ ግልጽ ደብዳቤ

በከተማችን የውሃ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ቢሮዎች ሁሉ፣
ለጉድጓድ ቆፋሪዎችና ጥልቅ ጉድጓድ ላላችሁ ባለንብረቶች፣
እንዲሁም ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የምጽፍላችሁ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ የእጅ ጉድጓድ አለ። አባቴ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ያስቆፈሩት ነው። 14 ሜትር ይጠልቃል። የላይኛው 4 ሜትር አፈር ነው። ከዚያ በታች ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ነው። ቆፋሪዎቹ በዲጂኖና በመዶሻ ስንት ሳምንት እንደታገሉት እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች። ውሃው የመጣው ከአፈሩ አይደለም። ከአንድ የድንጋይ ስንጥቅ ነው የመጣው። እናቴ እንደምትለው መጀመሪያ እጅ ያህል ቦታ ረጠበ፣ ከዚያ ተንጠባጠበ፣ ማታ ላይ የቆፋሪው እግር ውሃ ውስጥ ነበር።

በዚያ ውሃ ልብስ ታጥቧል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ሰርግና ለቅሶ ተስተናግዷል። ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ነገር ነበር። ያ ጉድጓድ በበጋ ይቀንሳል እንጂ አይደርቅም።

እኔ የውሃ ባለሙያ አይደለሁም። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። መለካት ግን እወዳለሁ። ገመድ አለኝ፣ ጫፉ ላይ ከባድ ዳዶ ታስሯል። ጠዋት ማንም ሳይቀዳ ወደ ጉድጓዱ እለቀዋለሁ። ዳዶው ግድግዳውን ቸከል ቸከል እያደረገ ይወርድና ውሃው ጋ ሲደርስ "ጡብ" ይላል። ያቺን ድምፅ ስሰማ ገመዱን ከጉድጓዱ አፍ ላይ በጣቴ እይዘዋለሁ። ከዚያ አውጥቼ በልብስ ሰፊ ሜትር እለካዋለሁ። ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር እጽፋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደብተሩ የሚለውን ልንገራችሁ። ቀደም ባሉት ዓመታት በመስከረም ውሃው 5 ሜትር ላይ ይገኛል። በግንቦት መጨረሻ ወደ 9 ሜትር ይወርዳል። ይህ ዑደት ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ከግቢያችን በላይ ከ300 ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። ባለቤቱን አልጠራም። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም በአጥሩ በኩል ቧንቧ አውጥቶ ለሰፈሩ ውሃ ይሰጣል፣ እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ፓምፑ ከገባ በኋላ የእኛ ውሃ መውረድ ጀመረ። አምና ግንቦት ላይ 12 ሜትር ተኩል ደረሰ። ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ። እናቴ ባልዲውን አይታ ምንም አላለችም። ዝም ብላ ቤት ገባች።

"በጋው ከብዶ ነው" ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ከዚያ መጋቢት ላይ አንድ ነገር ሆነ። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። ላይኛው ጉድጓድ ጄኔሬተር የለውም፣ ስለዚህ ፓምፑ ቆመ። በመጀመሪያው ማታ ገመዱን ስለቅ ውሃው 30 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ አገኘሁት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በሁለተኛው ማታ 70 ሳንቲሜትር ከፍ ብሏል። ዝናብ ጠብ አላለም። እኛም መቅዳት አላቆምንም። እንዲያውም የአጥሩ ቧንቧ ስለተቋረጠ ሰፈሩ በሙሉ ወደ እኛ መጥቶ ከወትሮው በላይ ተቀድቷል። መብራት መጣ። በነጋታው 40 ሳንቲሜትር ወርዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን የነበረበት ቦታ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር እለካለሁ። ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ይወጣል። ሲመጣ ይወርዳል። የእኔ ደብተር የላይኛውን ፓምፕ ሰዓት ጽፎ ይዞታል ማለት ይቻላል።

ይህን ይዤ ወደሚመለከተው ቦታ ሄጄ ነበር። በጨዋ ቋንቋ ነው የተመለስኩት። ሁለት መልስ ተሰጠኝ። አንደኛው፦ "የእናንተ 14 ሜትር ነው፣ ያኛው 120 ሜትር። ውሃው ለየቅል ነው።" ሁለተኛው፦ "በመሃላችሁ ከ300 ሜትር በላይ ርቀት አለ። እንዲያውም በጣም የሚቀርበው የሐጂ ጉድጓድ ምንም አልሆነም።" እውነት ነው፣ የሐጂ ጉድጓድ ከዚያ ፓምፕ 40 ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ውሃው ዘንድሮም እንደ ድሮው ነው። ሄጄ ራሴ ለክቼዋለሁ። ሐጂ ቡና አስፈልተው "አብሽር፣ ያንተም ይመለሳል" ብለው ሸኙኝ።

ሁለቱም መልሶች ከእግራችን በታች ያለው መሬት አሸዋ ቢሆን ኖሮ ያስኬዱ ነበር። የእኛ ግን አሸዋ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ዶሮ መዝለያ አካባቢ መንገዱ የቆረጠውን ገደል ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥቁሩ ድንጋይ እንደ እንጀራ ተደራርቧል። ይህ ባዝልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ስንጥቅ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ የሰሜኑን የአገራችንን ደጋ የሠራው ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቋል። በአንዱና በሌላው ንጣፍ መካከል አንዳንድ ቦታ ቀይ አፈር ይታያል። ቀጣዩ ፍሰት ሳይመጣ በፊት የላይኛው ፊት ዘመናት አርጅቶ አፈር የሆነበት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ መሬቱ ራሱ ተሰበረ። የአፋር ዝቅታ ሲለያይ የደጋው ጠርዝ በትልልቅ ስብራት ተከፋፈለ። የቦርከና ወንዝ ሸለቆ የወረደው በእነዚያ ስብራቶች መካከል ነው። ስብራቶቹ በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱ ናቸው።

እንግዲህ ውሃው ያለው የት ነው? ድንጋዩ ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ውሃው ያለው በስንጥቁ፣ በንጣፎቹ መገናኛና ከላይ በበሰበሰው ድንጋይ ውስጥ ነው። አሸዋ ውስጥ ፓምፕ ብታስገቡ ውሃው ከየአቅጣጫው እኩል ይመጣል። በፓምፑ ዙሪያ የውሃው ወለል እንደ ማንቆርቆሪያ ፈነል ክብ ሆኖ ይጎደጉዳል። ቅርብ ያለው ብዙ ይወርዳል፣ ሩቅ ያለው ጥቂት። የተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ ግን ውሃው የሚመጣው መንገድ ባለበት በኩል ብቻ ነው። የውሃው ወለል እንደ ክብ ሳህን ሳይሆን እንደ ረጅም ጀልባ ነው የሚጎደጉደው። ጀልባው በስንጥቁ አቅጣጫ ይረዝማል። በዚያ መስመር ላይ ያለ ጉድጓድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆም ሊነካ ይችላል። ከመስመሩ ውጭ ያለው 40 ሜትር ላይ ሆኖ ምንም ላይሰማው ይችላል።

የእኛ ግቢ ከዚያ ፓምፕ ወደ ደቡብ ነው። የሐጂ ወደ ምሥራቅ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን "የቅርቡ ካልተነካ የሩቁ አይነካም" የሚለው መልስ እዚህ አገር ድንጋይ ላይ እንደማይሠራ ለማሳየት ይበቃል።

ስለ ጥልቀቱም እንዲሁ ነው። 120 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ውሃውን የሚስበው ከ120ኛው ሜትር ላይ ብቻ አይደለም። ወንፊት ያለው ቱቦ የት የት ላይ ተተከለ? ከቱቦው ውጭ የፈሰሰው ጠጠር ከላይ እስከ ታች ይደርሳል ወይስ መሃል ላይ በሸክላ ወይም በሲሚንቶ ተዘግቷል? ካልተዘጋ ያ ጠጠር የላይኛውን ውሃ ወደ ታች የሚያንቆረቁር ቧንቧ ይሆናል። ቱቦው በደንብ ቢዘጋ እንኳ ድንጋዩ ራሱ ቀጥ ብለው የወረዱ ስንጥቆች አሉት። በንጣፎቹ መካከል ያለው ቀይ አፈር ወፍራምና ያልተቆረጠ ከሆነ የላዩንና የታቹን ውሃ ሊለያይ ይችላል። ስብራት ከቆረጠው ግን አይለይም። ስለዚህ "ውሃው ለየቅል ነው" የሚለው መልስ አንዳንድ ቦታ ልክ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ስህተት ነው። ቢሮ ተቀምጦ ግን የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የሚታወቀው በመለካት ነው።

አሁን ወደ ቁጥር ልግባ፣ አስተማሪነቴ ነው። የተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ ውሃ የሚይዘውና የሚለቀው ክፍት ቦታ ብዙ ጊዜ ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ነው። ከዚያም ያንሳል። ጥሩ አሸዋ ደግሞ ከመቶ 20 እጅ ያህል ውሃ ሊለቅ ይችላል። በሰከንድ 5 ሊትር የሚስብ ፓምፕ እንውሰድ። ብዙ አይደለም፣ መካከለኛ ፓምፕ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ሳይቆም ቢሠራ 432 ሜትር ኪዩብ ያወጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትደረድሩ 21,600 ጀሪካን ነው። ያ ውሃ የወጣው ከአሸዋ ቢሆንና ምንም የሚተካው ባይኖር የአንድ ኳስ ሜዳ ሲሶ በማይሞላ ቦታ ላይ የውሃው ወለል በ1 ሜትር ይወርዳል። ከመቶ 1 እጅ ብቻ ክፍት ቦታ ባለው ድንጋይ ከሆነ ግን ያችው 1 ሜትር ስድስት ኳስ ሜዳ በሚያህል ቦታ ላይ ትወርዳለች። በአንድ ቀን። እርግጥ ነው፣ በተግባር ከዙሪያው የሚተካ ውሃ ስላለ በዚህ ፍጥነት አይቀጥልም። ነገር ግን አንድ ፓምፕ ሩቅ ላለ ሰው እንዴት ሊደርስ እንደሚችል ቁጥሩ ያሳያል።

ይኸው ቁጥር ሌላም ነገር ያስረዳል። በእኛ አካባቢ በዓመት 1 ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ከዚያ ውስጥ አንድ አስረኛው፣ 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ከርሰ ምድር ገባ እንበል። ከመቶ 1 እጅ ክፍት ቦታ ባለው ድንጋይ ውስጥ ያች 100 ሚሊ ሜትር ውሃውን በ10 ሜትር ከፍ ታደርገዋለች። ለዚህ ነው የእኛ ጉድጓዶች ክረምት ላይ በፍጥነት የሚሞሉት። ለዚህም ነው መስከረም ላይ ቅሬታ ይዞ የሚሄድ ሰው "ይኸው ሞልቶ የለም እንዴ?" የሚባለው። መሙላቱ ክምችቱ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ትንሽ ዕቃ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያልቃል። እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው።

ቆፋሪዎችም ይህን ስሙኝ። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲያልቅ በኮምፕረሰር ይነፋል። ውሃው ወደ ሰማይ ይፈነዳል። ሰው ያጨበጭባል፣ እናቶች እልል ይላሉ። እኔም ቆሜ አይቻለሁ፣ ደስ ይላል። ለጥቂት ሰዓት የወጣው ውሃ ይለካና "በሰከንድ ይህን ያህል ሊትር" ተብሎ ይጻፋል። ፓምፑ በዚያ ቁጥር ይገዛል። ነገር ግን በእነዚያ ሰዓታት የወጣው በስንጥቁ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ውሃ ነው። በዓመት ውስጥ ስንጥቁን ቀስ እያለ የሚሞላው ግን ከላይ ያለው የበሰበሰ ድንጋይና አፈር ነው። የመጀመሪያው ኪስ ውስጥ ያለ ብር ነው፣ ሁለተኛው ደመወዝ ነው።

ፓምፕ ሲሠራ ውሃው የሚወርድበትን መንገድ በቀመር ያስቀመጠው ቻርለስ ታይስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፣ በ1935 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከእሱ ሥራ የወጣ አንድ ቀላል ነገር አለ። መሬቱ ወጥ ከሆነ ውሃው ከ1ኛው ሰዓት እስከ 10ኛው ሰዓት የወረደውን ያህል፣ ከ10ኛው እስከ 100ኛው ሰዓት እንደገና ይወርዳል። ከ100ኛው እስከ 1,000ኛው እንደገና። ያም ማለት በአንድ ቀን የፓምፕ ሙከራ "ቆመ" ያልነው ውሃ አልቆመም፣ እርምጃው ነው የዘገየው። የእኛ ዓይነት ድንጋይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ስንጥቁ የሆነ ቦታ ያልቃል። የመሳቡ ጉልበት እዚያ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ከዚያ በኋላ የሚወርደው በእጥፍ ይሆናል። ግድግዳው ሩቅ ከሆነ ይህ የሚታየው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። የስድስት ሰዓት ሙከራ ጨርሶ አያየውም። ውሃ የሚሰጠው ዋናው ስንጥቅ ራሱ ደረቅ ላይ ሲቀር ደግሞ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ አይቀንስም። ድንገት ነው የሚከዳው። "ትናንት ደህና ነበር" የሚባለው ያኔ ነው። ፓምፑ አየር ይስባል፣ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ባለቤቱም ይከስራል።

"ታዲያ ጠለቅ አድርጎ መቆፈር ነው" የሚሉ አሉ። ሁልጊዜ አያዋጣም። ወደ ታች በተሄደ ቁጥር የድንጋዩ ክብደት ስንጥቆቹን ያጠብባቸዋል። በእኛ ባዝልት ውስጥ በንጣፎች መካከል ያለው ድንበር ከታችም ውሃ ሊሰጥ ስለሚችል አንዳንዱ ይቀናዋል። ሌላው ብሩን ለደረቅ ድንጋይ ይከፍላል። የእጅ ጉድጓድ ያላት እናት ግን በየትኛውም መንገድ 120 ሜትር መከተል አትችልም።

ታይስ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የጻፈው ነገር አለ፣ እኔን በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ መጀመሪያ ከክምችቱ ይወሰዳል። ውሎ አድሮ ግን ይህ ውሃ ሊወጣ የነበረበት ሌላ ቦታ ነበር። ምንጭ ሆኖ፣ ወይም ወንዝ ውስጥ ገብቶ። ፓምፑ የሚወስደው ያንን ነው። ስለዚህ "ዝናቡ የሚያስገባውን ያህል ብንስብ ጉዳት የለውም" የሚለው ስሌት ስህተት ነው። የሚገባውን ሁሉ ከሳብን ለምንጩ ምንም አይቀርም። ደሴ የምንጭ አገር ናት። ቧንቧ ሳይመጣ በፊት ሰው የሰፈረው ምንጭ እያየ ነው። ቦርከናም በበጋ የሚፈሰው ዝናብ ኖሮ አይደለም፣ ከመሬት የሚወጣ ውሃ ስላለ ነው። ያ ወንዝ ከእኛ ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። እዚህ ላይ የምንስበው ከታች ያለ ገበሬ ዘንድ ይደርሳል።

የኮምቦልቻ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የእናንተ ነገር በከፊል ይለያል። ከእኛ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላችሁ ሜዳው ላይ ናችሁ። ቦርከና ያመጣው ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ ከሥራችሁ አለ። ጉድጓዳችሁ በዚያ ደለል ውስጥ ከሆነ የበለጠ ውሃ ያከማቻል፣ የሚጎደጉደውም ወደ ክብ ይጠጋል። ደለሉን አልፎ ባዝልት ውስጥ የገባ ጉድጓድ ግን ወደ እኛ ታሪክ ይመለሳል። ከተማችሁ የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ብዙ ውሃ ትፈልጋለች። ስለዚህ ልኬቱ ለእናንተ ከእኛ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል።

የእኛ ጉድጓድ የቀነሰው በፓምፑ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። ሌላም ምክንያት አለ። በልግ ሲከዳን ክረምት እስኪገባ ሰባትና ስምንት ወር ያለ በቂ ዝናብ እንቆያለን። ድሮ አፈር የነበረው ግቢ ዛሬ ሲሚንቶና ኮብልስቶን ነው፣ ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ቦይ ይሄዳል። የሰው ቁጥርም ጨምሯል፣ እኛም ራሳችን ከድሮው በላይ እንቀዳለን። ይህ ሁሉ ውሃውን ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ነገር ግን ድርቅ መብራት ሲጠፋ አይቆምም። ሲሚንቶ ማታ ተነስቶ ጠዋት አይመለስም። የወቅቱ መውረድ ደብተሬ ላይ ለስላሳ መስመር ነው። የፓምፑ ግን መጋዝ ይመስላል፣ ጥርስ ጥርስ አለው። ሁለቱን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ደብተር ብቻ ያስፈልጋል።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ አለው ይላል። በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ፈቃድ የማያስፈልገው ጉድጓድ ግን መዝገብ ላይ የለም። መዝገብ ላይ የሌለ ጉድጓድ ሲደርቅ የሚያውቅለት ማንም የለም። ፈቃድ ሲሰጥ "በአካባቢው ሌላ ጉድጓድ አለ ወይ?" ተብሎ ቢፈለግ የእናቴ ጉድጓድ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይገኝም። ክፋት ኖሮ አይደለም የደረቅነው። ያየን ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ጉድጓድ መቆፈር ይቁም ብዬ አይደለም። ከተማው ውሃ ያስፈልገዋል። የምጠይቀው ይህ ነው፦ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ፓምፑ ከመግባቱ በፊት በአካባቢው ያሉ የእጅ ጉድጓዶችና ምንጮች በሙሉ ይቆጠሩ፣ የውሃቸው ከፍታም ይለካ። "ከዚህ ሜትር በላይ ነው" ተብሎ በርቀት ብቻ አይወሰን፣ የስንጥቁ አቅጣጫ ይታይ። ሙከራው ቢያንስ ሦስት ቀን ይሁን። ሙከራው በሚካሄድበት ጊዜ የሚለካው አዲሱ ጉድጓድ ብቻ አይሁን። የጎረቤቶቹም ይለካ። ፓምፑ ከቆመ በኋላም ውሃው እንዴት እንደሚመለስ ይለካ፣ ብዙውን ምስጢር የሚነግረን እሱ ነውና። ደግሞ ሙከራውን መስከረም ላይ አታድርጉት። በመስከረም የእኛ ድንጋይ ሁሉ ሙሉ ነው፣ ለማንም ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መግቢያ ላይ አድርጉት። ያኔ የሚችለው ጉድጓድ ይታወቃል።

ውጤቱ ደግሞ በአማርኛ ተጽፎ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ። ውሃው ከመሬት ስንት ሜትር ላይ እንደነበረ፣ ስንት እንደወረደ፣ በስንት ሰዓት እንደተመለሰ። ይህን ማንበብ የማይችል ሰው የለም፣ ጉድጓድ የሚቀዳ ሁሉ ገመዱን ያውቃል።

ጥልቅ ጉድጓድ ላላችሁ ጎረቤቶቼም አንድ ልመና አለኝ። በሰከንድ የምትስቡትን ቀንሱና ማረፊያ ሰዓት ስጡት። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ፓምፑን ማቆም ቀላል ነገር ነው። ማታ ሮቶ ሞልታችሁ ብታድሩ ለሊቱን ስንጥቁ ይተነፍሳል። ጉድጓዳችሁ ቱቦ አፍ ላይ ገመድ የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው። ብዙው ጉድጓድ ታሽጎ ስለሚቀር ባለቤቱ ራሱ ውሃው የት እንዳለ አያውቅም። ውሃው ፓምፑ ጋ ከመድረሱ ወራት በፊት የምታውቁት እየለካችሁ ከሆነ ብቻ ነው። የምጠይቃችሁ ለእኔ ብቻ ብዬ አይደለም። የእኔ ጉድጓድ ዘንድሮ የሚያሳየው የእናንተ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚያሳየውን ነው።

የእጅ ጉድጓድ ያላችሁ የደሴ እናቶችና አባቶች፣ እናንተም ዛሬ ጀምሩ። ገመድ፣ ዳዶ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ከጉድጓዱ ክፈፍ ጠርዝ ለኩ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ሰው ሳይቀዳ በፊት። በሳምንት አንዴ ይበቃል። መብራት በጠፋ ቀን ግን ማታም ጠዋትም ለኩ። ልጆች ይህን ይወዱታል። የእኔ ተማሪዎች አሥራ አንድ ሆነው በየግቢያቸው እየለኩ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ቁጥራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዷ የምንጭ ውሃ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየሞላች በስልኳ ሰዓት ትቆጥራለች። ጥቅምት ላይ ጀሪካኑ በ38 ሰከንድ ሞላ፣ የካቲት ላይ በ71።

እነዚህን ደብተሮች ለመስጠት ዝግጁ ነን። ክፍያ አንጠይቅም። ትክክል አይደለም የሚል ባለሙያ ካለ የራሱን መለኪያ ይዞ ይምጣና ከእኛ ጎን ቆሞ ይለካ። ላይኛው ጉድጓድ ፓምፑን ለሦስት ቀን በቀጠሮ ያቁምልን፣ ከዚያ ለሦስት ቀን ያስነሳው። ባለቤቱን አነጋግሬዋለሁ፣ "ቢሮው ደብዳቤ ከጻፈልኝ ደስ ይለኛል" ብሏል። የቀረው ያ ደብዳቤ ብቻ ነው። ጊዜውም ከሰኔ ዝናብ በፊት ቢሆን ይሻላል።

እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጉድጓዱ አጠገብ እገኛለሁ። እናቴም ቡናውን የምታቀርበው ያኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የጦሳ ግርጌ ነዋሪና የፊዚክስ አስተማሪ
ደሴ